የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት፦ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ መድረኩና ስለ ፊልሞቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ከዚህ ታሪክ ፊልሞች አንዱን አይቶ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ መጠየቅ ይጀምራል። እውነተኛ ታሪክ ነው? መጽሐፉም እንዲህ ነው የሚያልቀው? ከፊልሞቹስ የትኛውን ልይ? እኔ መጽሐፉን ደጋግሜ ስላነበብኩትና በስሙ የተሠራ ፊልም ሳገኝ ስለማላልፍ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻውን አስቀድማችሁ ማወቅ የማትፈልጉ ከሆነ፣ ስለ መጨረሻውና ስለ በቀል የሚናገሩትን ሁለት ጥያቄዎች ዝለሏቸው።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1815 «ፈርዖን» የምትባል የንግድ መርከብ ማርሴይ ወደብ ትገባለች። ካፒቴኗ መንገድ ላይ ሞቷል። በሰላም ያደረሳት ኤድሞን ዳንቴስ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነው። የመርከቧ ባለቤት ካፒቴን ሊያደርገው አስቧል። የሚወዳት መርሴዴስም እየጠበቀችው ነው፤ ሊጋቡ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ዳንግላር የመርከቧ ሒሳብ ሹም ነው፤ ካፒቴንነቱን ለራሱ ይመኛል። ፌርናን የመርሴዴስ ዘመድ ነው፤ እሷን ይፈልጋል። ካድሩስ ጎረቤት ነው፤ የሰው ነገር ሲቃና ያመዋል። ሦስቱ አንድ ከሰዓት በኋላ መጠጥ ቤት ይገናኛሉ። ዳንግላር ብዕር ያነሳና ዳንቴስ የናፖሊዮን ሰው ነው የሚል ስም የለሽ ጥቆማ ይጽፋል። የሚጽፈው በግራ እጁ ነው፣ ጽሕፈቱ እንዳይለይ። ከዚያ «ቀልድ ነው» ብሎ ወረቀቱን ጨምድዶ ጥግ ይወረውረዋል። ፌርናን ያነሳዋል። ካድሩስ ሰክሯል።

ያኔ ናፖሊዮን በኤልባ ደሴት ግዞት ላይ ነው፤ ዙፋኑ ላይ ያለው ንጉሡ ነው። እንዲህ ያለ ጥቆማ ቀላል ነገር አይደለም። ዳንቴስ ከጋብቻው ድግስ ላይ ተይዞ ይወሰዳል። የሚመረምረው አቃቤ ሕግ ቪልፎር ልጁ ንጹህ መሆኑን ይረዳል፤ ሊፈታውም ነው። ግን ዳንቴስ ከኤልባ ያመጣው ደብዳቤ የተጻፈው ለራሱ ለቪልፎር አባት ሆኖ ይገኛል። ይህ ከተሰማ ሥልጣኑ አለቀለት። ደብዳቤውን ዳንቴስ ፊት ያቃጥለዋል። ዳንቴስም ውለታ የዋለለት መስሎት ያመሰግነዋል! ከዚያ በጀልባ ወደ ሻቶ ዲፍ ይወስዱታል፣ ባሕር መሐል ወዳለው እስር ቤት። 14 ዓመት እዚያ ይቆያል።

እስር ቤቱ ውስጥ አባ ፋሪያ የሚባሉ ሊቅ እስረኛ ያገኛል። ሽማግሌው ለማምለጥ ዓመታት የቆፈሩት ዋሻ አቅጣጫ ስቶ የወጣው ዳንቴስ ክፍል ውስጥ ነው። ቋንቋ፣ ሒሳብና ታሪክ ያስተምሩታል። ሞንቴ ክሪስቶ ደሴት ላይ የተቀበረ ሀብትም ያወርሱታል። ዳንቴስ አምልጦ ሀብቱን ያወጣል። ከዓመታት በኋላ ማንም የማያውቀው ባለጸጋ ኮንት ሆኖ ፓሪስ ይገባል፤ ጠላቶቹ ያኔ ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተው አንብቡት።

«ኮንት» ምን ማለት ነው?

የአውሮፓ መኳንንት ማዕረግ ነው። ከውጫሌ ውል ታሪክ ኮንት አንቶኔሊን የሚያስታውስ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ እዚህም ያው ነው። ዳንቴስ ማዕረጉን በገንዘቡ ያገኘው ነው። የማዕረጉን ስም የወሰደው ሀብቱ ከተገኘበት ደሴት ነው። ሞንቴ ክሪስቶ በጣሊያን ባሕር ላይ ዛሬም ያለች ትንሽ ድንጋያማ ደሴት ናት። የመጽሐፉ ደራሲ፣ ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ዱማ፣ በ1842 በአጠገቧ በጀልባ አልፏል፤ አንድ ልብ ወለድ በስሟ ሊሰይም ያኔውኑ አሰበ።

እውነተኛ ታሪክ ነው?

መነሻው ከፖሊስ መዝገብ የወጣ ነው። ዣክ ፐሼ የፓሪስ ፖሊስ መዛግብት ኃላፊ ነበር፤ ከመዝገቡ ያወጣቸው ታሪኮች ከሞቱ በኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል። ከነዚህ አንዱ ፍራንሷ ፒኮ ስለሚባል ጫማ ሠሪ ነው። በ1807 ፒኮ ሀብታም ሴት ሊያገባ ሲል ወዳጆቹ ቀኑበት፤ የእንግሊዝ ሰላይ ነው ብለው ጠቆሙት። ፌኔስትሬል ምሽግ ውስጥ ሰባት ዓመት ታሰረ። አብሮት የታሰረ አንድ ጣሊያናዊ ቄስ ሀብቱን አወረሰው። ሲፈታ ስሙን ቀይሮ አንድ በአንድ ተበቀላቸው፤ በመጨረሻ እሱም ተገደለ። ፐሼ ራሱ ታሪኩን ምን ያህል እንዳሳመረው ሌላ ክርክር ነው። ዱማ ግን አጥንቱን የወሰደው ከዚያ ነው።

አባ ፋሪያም በእውን የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቢያንስ ስማቸው። ሆዜ ኩስቶዲዮ ደ ፋሪያ በሕንድ ጎዋ በ1756 የተወለዱ ካህን ነበሩ። ሰውን በቃል ብቻ በማስተኛት ፓሪስ ውስጥ ዝና አተረፉ፤ በ1819 ሞቱ። ልብ ወለዱ ጣሊያናዊ አድርጓቸዋል።

ደራሲው አሌክሳንደር ዱማ ጥቁር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ከአባቱ በኩል። የአባቱ እናት ማሪ ሴሴት በሳን ዶማንግ፣ በዛሬዋ ሀይቲ፣ በባርነት የኖረች ጥቁር ሴት ነበረች። የአባቱ አባት ፈረንሳዊ መኳንንት ነበር። የነሱ ልጅ ቶማ አሌክሳንደር በ1762 ተወለደ። ተራ ወታደር ሆኖ ገብቶ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ጄኔራል ሆነ።

ይህን ጥያቄ ሰዎች ለወሬ ያህል ይጠይቁታል። እኔ ግን መጽሐፉ የገባኝ በዚህ በኩል ነው። ጄኔራሉ ከናፖሊዮን ጋር ግብጽ ዘምቶ ተቃቃረው። ሲመለስ መርከቡ ተጎድታ ጣሊያን ውስጥ ታራንቶ ወደብ ገባች፤ እዚያ ተይዞ ሁለት ዓመት ያህል ታሰረ። በምግቡ መርዝ እንደሰጡት ያምን ነበር። ጤናውን አጥቶ ወጣ። አገሩም ዞር ብላ አላየችውም። በ1806 ሲሞት ልጁ አሌክሳንደር አራት ዓመት አልሞላውም። እንግዲህ ይህ ልጅ አድጎ፣ በግፍ ታስሮ ስለተረሳ ሰው የጻፈው እንዲያው በአጋጣሚ ነው ትላላችሁ? እኔ አልልም።

ከፑሽኪን ጋር ግን አታምታቱት። በእኛ አገር ስማቸው አብሮ ስለሚነሳ የሚደበላለቅባቸው አሉ። በቅድመ አያቱ በአብራም ሃኒባል በኩል ከእኛ ወገን ነው እየተባለ የሚነገረው ሩሲያዊው ፑሽኪን ነው። የዱማ ዘር የሚመዘዘው ከሀይቲ ነው።

ዱማ በ1870 ሞተ። በተወለደ በ200 ዓመቱ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2002፣ አጽሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓሪሱ ፓንቴዎን ተዛወረ። ፕሬዝዳንት ዣክ ሺራክ ንግግር አደረጉ። ሳጥኑ በሰማያዊ ከፋይ ተሸፍኖ ነበር።

ብቻውን ነው የጻፈው?

አይደለም። ኦጉስት ማኬ የሚባል የታሪክ መምህር አብሮት ይሠራ ነበር። ዱማ ራሱ እንደተረከው፣ መጀመሪያ ያሰበው ታሪኩን ሮም ላይ ከኮንቱ ሊጀምር ነበር፤ እስሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ባጭሩ ሊነገር። ማኬ «ዋናውን ነገር እየዘለልከው እኮ ነው» አለው፤ ፍቅሩ፣ ክህደቱ፣ እስሩ ሊቀር ነው። ዱማ ሌሊቱን አስቦበት ሐሳቡን ተቀበለ። ማርሴይ የገባችውን መርከብ ያገኘነው በማኬ ምክር ነው ማለት ነው። በኋላ ተጣሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1858 ማኬ ገንዘብ ተፈረደለት። ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ አልወጣም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጽሐፉ ለምን ይህን ያህል ረዘመ?

በጋዜጣ በተከታታይ የወጣ ስለሆነ ነው። «ዡርናል ደ ዴባ» የተባለው ጋዜጣ ከኦገስት 1844 እስከ ጃንዋሪ 1846 እየቆራረጠ አወጣው። 117 ምዕራፍ አለው። በተሟላ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከ1,000 ገጽ በላይ ነው።

አጭሩን እትም ባነብ ምን ይቀርብኛል?

እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት አጭሩን፣ የተማሪ እትሙን ነው። ታሪኩን ይነግራችኋል። የሚቀርባችሁ ግን እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ስልክ በሌለበት በዚያ ዘመን መንግሥት ዜና የሚልከው ኮረብታ ላይ በተተከሉ ማማዎች ነበር። በየማማው የእንጨት ክንዶች አሉ፤ አንዱ ሠራተኛ የፊተኛውን ምልክት አይቶ ለቀጣዩ ይደግመዋል፣ ትርጉሙን ሳያውቅ። ኮንቱ ከፓሪስ ወጣ ብሎ አንዱ ማማ ሥር ይደርሳል። ሠራተኛው ሽማግሌ ነው። ሐሳቡ ሁሉ ያለው ከማማው ሥር ባለችው ትንሽ የጓሮ አትክልቱ ላይ ነው፤ እንጆሪውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ፍሬውን የሚበሉበት አይጥ መሰል እንስሳት አማረውታል። ደመወዙ በዓመት 1,000 ፍራንክ ነው። ኮንቱ 25,000 ይሰጠውና የተሳሳተ ምልክት ያስልከዋል። የሐሰት ዜናው ፓሪስ ይደርሳል። ባንክ ባለቤት የሆነው ዳንግላር ደንግጦ የስፔን ቦንዱን በርካሽ ይሸጣል። በማግስቱ ዜናው ውሸት መሆኑ ሲታወቅ፣ የከሰረውና ያመለጠው ትርፍ ተደምሮ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ ይሆናል። ኮንቱ በጣቱ እንኳ አልነካውም።

የሐሰት ዜና ገበያ እንዴት እንደሚያናጋ ከ180 ዓመት በፊት እንዲህ ተጽፏል! ይህ ምዕራፍ በአጭሩ እትም አይገኝም ወይም በሁለት አረፍተ ነገር ያልፋል፤ ፊልሞቹም አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል።

በእንግሊዝኛ ለማንበብ የሮቢን በስ ትርጉም ይሻላል። በ1846 የወጣው የድሮው ትርጉም በጉተንበርግ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ፤ ግን የዚያን ዘመን አንባቢ እንዳያስደነግጥ ብሎ ያለሰለሳቸው ቦታዎች አሉት።

ቲያትር ሆኖ ቀርቧል?

መጀመሪያ መድረክ ላይ ያወጣው ዱማ ራሱ ነው። በ1847 ፓሪስ ውስጥ «ቴያትር ኢስቶሪክ» የሚባል የራሱን ቲያትር ቤት ከፈተ። በፌብሩዋሪ 1848 «ሞንቴ ክሪስቶ»ን አቀረበ። ታሪኩ በአንድ ምሽት አላልቅ ስላለ በሁለት ምሽት ከፈለው፤ ሰው ዛሬ አይቶ ነገ ተመልሶ ይመጣል። በዚያው ወር የፓሪስ ሕዝብ ተነስቶ ንጉሡን አወረደ። ግርግሩ ቲያትር ቤቶችን ሁሉ ጎዳ፤ የዱማም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰረ። በዚያው በ1848 ቡድኑ ለንደን ድሩሪ ሌን ቲያትር ሄዶ ነበር። የእንግሊዝ የመድረክ ሰዎች «እንጀራችንን ሊነጥቁን መጡ» ብለው አዳራሹ ውስጥ በጩኸትና በፉጨት በጠበጧቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጄምስ ኦኒል ነገር ነው። ይህ በአየርላንድ የተወለደ አሜሪካዊ ተዋናይ በ1883 ኒው ዮርክ ላይ ዳንቴስን መጫወት ጀመረ። ተውኔቱን በእጁ አስገባ። ከዚያ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለአሥርት ዓመታት ተጫወተው፤ 6,000 ጊዜ ያህል ነው ይባላል። በኒው ለንደን ኮኔቲከት ያለው የቤተሰቡ ቤት ዛሬም «ሞንቴ ክሪስቶ ኮቴጅ» ነው የሚባለው። ሀብት አገኘ። ግን ሰው በሌላ ገጸ ባሕርይ ሊያየው አልፈልግ አለ። ትልቅ የሼክስፒር ተዋናይ የመሆን ተስፋ የነበረው ሰው እድሜውን በአንድ ሚና ውስጥ ጨረሰ። ልጁ ዩጂን ኦኒል በ1936 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ጸሐፊ ነው፤ ስለ ቤተሰቡ በጻፈው ተውኔት ውስጥ የአባትየው ጸጸት አለ። ዳንቴስ ከ14 ዓመት በኋላ ከሻቶ ዲፍ ወጥቷል። ኦኒል ከዳንቴስ መውጣት አቃተው።

ከፊልሞቹ የትኛውን ልይ?

ብዙ ናቸው፤ ድምፅ አልባ ፊልም ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ነው የሚሠሩት። ጄምስ ኦኒል ራሱ በስተርጅና የተወነበት አንድ አለ። የ1934ቱ፣ ሮበርት ዶናት ያለበት፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ዛሬም ይታያል። በፈረንሳይኛ ዣን ማሬ በ1954፣ ሉዊ ዡርዳን በ1961 ሠርተውታል። ዡርዳን በ1975ቱ የሪቻርድ ቻምበርሌን ፊልም ደግሞ ቪልፎርን ሆኖ ተመልሷል፤ በዳዩንም ተበዳዩንም ተጫወተ ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የ2002ቱን የጂም ካቪዝልን ነው። ለመዝናናት ጥሩ ነው። ሪቻርድ ሃሪስ አባ ፋሪያን ሆኖ የሠራው ክፍል በጣም ያምራል። ግን መጽሐፉን ወደ ጎራዴ ፍልሚያ ቀይሮታል። ፌርናንን የልጅነት ጓደኛ አደረገው፤ መርሴዴስ ፌርናንን አግብታ የወለደችውን ልጅ፣ አልበርን፣ የዳንቴስ ልጅ ነው አለ። መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ የ2024ቱ የፈረንሳይ ፊልም ነው። ፒየር ኒኔ ነው የሚጫወተው፤ አዘጋጆቹ ማትዩ ዴላፖርትና አሌክሳንደር ደ ላ ፓቴሊዬር ናቸው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ፈረንሳይ ውስጥ ከ9 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጦለታል። እሱም ብዙ ነገር ቆርጧል፣ አንዳንዱንም ለውጧል። ግን ኮንቱ ፊት ላይ ያለውን ቅዝቃዜ አልፈራውም፤ ጀግናው እየከፋ ሲሄድ ያሳያል። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ በ1998 ጄራር ዴፓርዲዩ የሠራውን ወይም በቅርቡ ሳም ክላፍሊን የሠራውን ተከታታይ ይይ። በእንዲህ ያለ ታሪክ ተከታታዩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ መጽሐፉ ራሱ በተከታታይ የወጣ ነው።

ሌሎች አገሮችስ ሠርተውታል?

ግብጾች ሁለት ጊዜ፣ በ1950 ከአንዋር ዋግዲ ጋር በ1964 ደግሞ ከፋሪድ ሻውቂ ጋር፤ የሁለቱም ዳይሬክተር ሄንሪ ባራካት ነው። አረብ አገር የኖረ ሰው የድሮ የግብጽ ፊልም ሲያይ አጋጥሞት ይሆናል። የቱርኩ «ኤዜል» ተከታታይ የተነሳው ከዚህ ታሪክ ነው፤ የተከዳ ሰው በሌላ ፊት ተመልሶ ይመጣል። ጃፓኖች በ2004 በ24 ክፍል አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ አድርገው ወደ ጠፈር ወስደውታል።

መጽሐፉ በእርግጥ እንዴት ያልቃል?

ፊልሞቹ ብዙ ጊዜ ዳንቴስንና መርሴዴስን ያገናኛሉ። ዱማ አላገናኛቸውም። መርሴዴስ ኮንቱን በድምፁ ገና መጀመሪያ ነው የምታውቀው። ልጇ ከኮንቱ ጋር ሊታኮስ ቀጠሮ ሲይዝ በሌሊት ሄዳ «ኤድሞን፣ ልጄን አትግደልብኝ» ትለዋለች። ያንን ስም ስንት ዓመት የጠራው የለም። እሺ ይላታል። ግን ፍቅሩ አይመለስም። እሷ ወደ ማርሴይ ትመለሳለች፤ እሱ ሀይዴ ከምትባል ወጣት ሴት ጋር በመርከብ ይሄዳል።

ከፌርናን ጋርም ጎራዴ አይማዘዙም። ፌርናን ሊፋለም ወደ ኮንቱ ቤት ይሄድና «አንተ ማነህ?» ይለዋል። ኮንቱ ጓዳ ገብቶ የመርከበኛ ኮትና ባርኔጣ ለብሶ ይወጣል። ሌላ ምንም አያደርግም። ፌርናን ሲያየው እግሩ ይከዳዋል። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ መርሴዴስና ልጁ ጥለውት እየወጡ ነው። ጥይቱን በራሱ ላይ ይተኩሳል።

እንግዲህ በቀልን የሚያሞግስ መጽሐፍ ነው?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ግማሹ መጽሐፍ ይህ ተረት ነው፤ አንባቢውም ከኮንቱ ጋር ያጨበጭባል። ከዚያ ትንሹ ኤዱዋር ይሞታል። የቪልፎር ልጅ ነው፤ ምንም አያውቅም። እናቱ መርዝ ስትጠጣ ለእሱም ሰጥታዋለች፤ ስለ መርዝ እንድታስብ በር የከፈተላት ደግሞ ኮንቱ ነው። ቪልፎር እጁን ይዞ ሬሳዎቹን ያሳየዋል፤ «በቀልህ በቃህ?» ይለዋል። ኮንቱ ልጁን አንስቶ ሊያድነው ይሞክራል፤ አይሆንም። ከዚያ ወዲያ «እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው» ማለት ያቅተዋል። ዳንግላርንም በመጨረሻ ይቅር የሚለው ለዚህ ነው። ፊልሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ልጅ ይተዉታል። እኔ አንድን ፊልም የምመዝነው በዚህ ነው፦ ኮንቱ የከፈለውን ዋጋ ያሳያል ወይስ ድሉን ብቻ?

ሻቶ ዲፍን መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ፍራንሷ አንደኛ ያሠራው ምሽግ ነው፤ ከ1890 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከማርሴይ አሮጌው ወደብ በጀልባ ይኬዳል። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው አይጠጋም፣ ስለዚህ አየሩን አይታችሁ ውጡ። ውስጥ «የዳንቴስ ክፍል» የሚባል ያሳዩአችኋል፤ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ሳይቀር አለ። ያልነበረ ሰው የታሰረበት ክፍል ነው፤ ሰው ግን ከዓለም ዙሪያ እየመጣ ያየዋል።

ጊዜ የለኝም፤ 117 ምዕራፍ ከየት ልጀምር?

ከመጀመሪያው። ለራሳችሁ «እስከ ምዕራፍ 20 ብቻ» በሉና ጀምሩ። እዚያ ስትደርሱ አባ ፋሪያ ሞተዋል። ዳንቴስ የሳቸውን ሬሳ ወደ ራሱ አልጋ ወስዶ፣ እሱ በቦታቸው ጆንያ ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ሰፍቶታል። ሲቀብሩት አፈሩን ገፍቶ ሊወጣ ነው ሐሳቡ። ሁለት ሰዎች ተሸክመው ያወጡታል። ቀዝቃዛ አየር ይሰማዋል። እግሩ ላይ ከባድ ነገር ያስሩበታል፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም። የማዕበል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አየር ላይ ሲወረወር ነው የገባው። የሻቶ ዲፍ መቃብር ባሕሩ ነው።